የኦሮራ ጠጅ

ሳንግሪያን ብዙ አሜሪካዊ ያወቀው በአደባባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በኒውዮርክ የዓለም ትርኢት፣ የስፔን አዳራሽ ቀይ ወይን ጠጅ ከተከተፈ ፍራፍሬና ከስኳር ጋር ቀላቅሎ ለጎብኚው አቀረበ። የእኛ ጠጅ ግን ዴንቨርና ኦሮራ የገባው በእናቶች እጅ፣ በየቤቱ ነው።

እኔ ሙያውን ያየሁት ደብረ ማርቆስ፣ ከእናቴ ነው። አንድ እጅ ማር፣ ሦስት እጅ ውሃ፣ በወይራ የታጠነ ጋን። ብርዙ ፈላ ፈላ ሲል ጌሾው ይገባል፤ ለጠጅ እንጨቱ፣ ለጠላ ቅጠሉ። ጠጅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ በነበረበት ዘመን ጥሩ ጠጅ የምትጥል ሴት ትከበር ነበር። በምኒልክ ግብር ላይ ስለተቀመጡት ብዙ ተጽፏል፤ ጋኑ ዘንድ ስለቆሙት ሴቶች ግን ጥቂት።

ዴንቨርና ኦሮራ ያሉባት ኮሎራዶ ከ1916 ጀምሮ መጠጥ የከለከለች ግዛት ነበረች፤ አገሪቱ በሙሉ የከለከለችው ከዚያ በኋላ ነው። በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር በፈረሙት ሕግ ግን ሁለት ዐዋቂ ያሉበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ 757 ሊትር ያህል ወይን ጠጅ፣ የማሩንም ጭምር፣ ለራሱ መጥመቅ ይችላል። መሸጥ አይቻልም። በዚያው ዓመት እዚሁ አጠገባችን ቦልደር ላይ እነቻርሊ ፓፓዚያን የቤት ጠማቂዎችን ማኅበር መሠረቱ። የ1980ው የስደተኞች ሕግ ለብዙ ወገኖቻችን በር ሲከፍት፣ ሕጉም ዕቃውም ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር።

ጋናችን እንግዲህ ከቢራ ጠማቂዎች ሱቅ የሚገዛው አፈ ጠባብ ትልቅ ጠርሙስ ሆነ። ጌሾው ከሐበሻ ሱቅ ይገኛል። በጥር ብርድ ምድር ቤት የተጣለ ጠጅ ቶሎ አይበስልም፤ ብርድ ልብስ እንጠቀልልለታለን። የቀረብን ወይራው ነው። አፓርታማ ውስጥ ጋን ማጠን የእሳት ማስጠንቀቂያውን ያስጮኸዋል፤ ያለ ጢስ ያደገ ልጅ ደግሞ ጠጅ ጢስ ጢስ ማለት እንዳለበት አያውቅም። ይህ ያሳዝነኛል።

ልጆቻችን በነሐሴ በኮሎራዶ የሚበቅለውን የፓሊሴድ ኮክ ከትፈው፣ እንደ ሳንግሪያ፣ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ይጨምሩበታል። እናቴ ብታይ ትቆጣ ነበር፤ እኔ አልከለክልም። ጠጁ በስሎ፣ አምቡላው ተጠልሎ ካለቀ በኋላ ኮክ ቢገባ ምን ጎደለ? ጌሾው ሲቀነስና ማሩ በስኳር ሲተካ ግን ዝም አልልም።