የሰማያዊው ኒሻን ዋጋ

የፕሩሲያ ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ በ1740 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ኒሻን ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፤ ፑር ለ ሜሪት ይባላል። ኋላ ፈረንሳውያንን ለጣሉ የጀርመን አብራሪዎች መሰጠቱ የታሪክ ቀልድ ያሰኛል። ቦልከና ኢመልማን እያንዳንዳቸው 8 አውሮፕላኖች በመጣላቸው በጃንዋሪ 12 ቀን 1916 ተሸለሙ። ጀግንነታቸው አይካድም። ይሁን እንጂ የሚያበሩት ፎከር፣ መትረየሱ በሚሽከረከረው ፕሮፔለር ስለቶች መካከል ጥይት እንዲያሳልፍ የሚያስችል መሣሪያ ነበረው፤ ይህም ብልሃት በባላጋራዎቻቸው ዘንድ ገና አልተስፋፋም ነበር። አውሮፕላኑ እየተሻሻለ፣ ድሉም እየበዛ ሲሄድ የኒሻኑ መለኪያ ከፍ አለ፤ ስለሆነም ሪሽቶፈን በጃንዋሪ 1917 የተሸለመው 16 ከጣለ በኋላ ነው። ኢመልማን በዚህ መለኪያ ቢመዘን ኖሮ ኒሻኑን ባላገኘ ነበር፤ በጁን 1916 ሲሞት በይፋ የተቆጠረለት 15 ብቻ ነውና።