ከስም በፊት መሬት፦ በአምበርና በአካባቢው የቤተሰብ ትውልድን ከመዛግብትና ከመቃብር ስለማጥናት

የቤተሰቡን ታሪክ የሚያጠና አየርላንዳዊ ሥራውን ሲጀምር የሚገጥመው አንድ ቃጠሎ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1922፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ በተጀመረ ሰሞን፣ ደብሊን ውስጥ ፎር ኮርትስ በሚባለው የፍርድ ቤት ግቢ የነበረው የሕዝብ መዛግብት ቤት ነደደ። ከ1821 እስከ 1851 በየዐሥር ዓመቱ የተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራዎች ከጥቂት ቁርጥራጭ በቀር እዚያው ዐመድ ሆኑ። ከ1861 እስከ 1891 የተካሄዱትን ደግሞ መንግሥት ራሱ ቀደም ብሎ አስወግዷቸው ነበር። ሙሉ ሆኖ የተረፈው ቀዳሚ ቆጠራ የ1901ዱ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩትን ቅድመ አያቶቹን የሚሻ ሰው እንግዲህ የት ይሂድ? ወደ መሬት ነው። ከ1823 እስከ 1837 የቤተ ክርስቲያን ዐሥራት ለማስከፈል የተጻፉት ደብተሮች፣ ከ1847 እስከ 1864 በሪቻርድ ግሪፍዝ መሪነት የተዘጋጀው የመሬትና የቤት ግምት ለግብር ሲባል የተሠሩ ነበሩ፤ ዛሬ ሰው ይፈለግባቸዋል። የጎደለውን የመቃብር ድንጋይ ይሞላል።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት የጎጃምን ጥናት አቅጣጫ ስለሚያሳይ ነው። አምበር የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደጀን በሉማሜ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በዚህች ከተማ ዙሪያ ካሉት አጥቢያዎች የተወለደ ሰው፣ አዲስ አበባም ይኑር ዋሽንግተን፣ ቅድመ አያቶቹን ልፈልግ ቢል የሚያገላብጠው የቤተሰብ ስም የለም። ስማችን ከአባት ወደ አያት ይቆጠራል እንጂ እንደ አየርላንዶቹ አንድ መጠሪያ ትውልድ ተሻግሮ አይወርድም። የጥምቀት መዝገብ በገጠር አጥቢያዎች የቆየ ልማድ አልነበረም። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ባለ አገር ጥናቱ ከስም ሳይሆን ከመሬት መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ። ጎጃም ውስጥ ትውልድን በቃል ያቆየው ርስት ነውና።

ርስት ያቆየው ትውልድ

በጎጃም ሥርዓት አንድ ሰው ርስት የሚጠይቀው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አቅኚ አባት መወለዱን ቆጥሮ በማሳየት ነበር። ይህ ቆጠራ በአባት መስመር ብቻ አይሄድም። በእናት፣ በአያት እናት፣ በማንኛውም መስመር ወደ አቅኚው የሚያደርስ ሰው የድርሻ ጥያቄ ነበረው። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ምሁር አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውንና በ1973 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያሳተመውን የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፦ እያንዳንዱ ገበሬ በመርሕ ደረጃ ከብዙ አቅኚ አባቶች መሬት መጠየቅ ይችል ነበር፤ በእጁ የሚገባው ግን በክርክር ረትቶ ያገኘውን፣ በዘመድና በሹመት ያስከበረውን ያህል ብቻ ነበር።

ስለዚህ አንድ ሽማግሌ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ስም እየጠሩ ሲቆጥሩ የምንሰማው ተራ ትዝታ አይደለም። በዳኛ ፊት የቀረበ፣ በተከራካሪ የተፈተነ ማስረጃ ነው። ይህ ጠባዩ ጥንካሬም ድካምም ሰጥቶታል። ተቀናቃኙ የራሱን ቆጠራ ይዞ ፊት ለፊት ስለሚቆም፣ እንዲሁ ተነሥቶ የሌለ አያት መፍጠር ቀላል አልነበረም። በሌላ በኩል መሬት ያላስገኘው መስመር ተረሳ፣ ክርክሩን ያልረዳ መካከለኛ ትውልድ ተዘለለ፣ ወንድማማቾች የነበሩት አባትና ልጅ ሆነው ተቆጠሩ። የሰማነውን ሐረግ በወረቀት ከማስፈራችን በፊት መጠየቅ ያለብን፣ ይህ ቆጠራ የትኛውን መሬት ለማስገኘት ተቆጠረ የሚለውን ነው። ሁለት ወንድማማቾች የተለያየ ሐረግ ቢቆጥሩልን አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም። አንዱ በእናቱ ወገን ያለውን ርስት ይዞ፣ ሌላው በአባቱ ወገን ያለውን ይዞ ኖረው ይሆናል።

ሴቶች በዚህ ቆጠራ ውስጥ ያላቸው ስፍራ በተለይ ሊጤን ይገባዋል። በብዙ አገር የትውልድ ሐረግ እናት ስም አልባ ሆና ትቀራለች። እዚህ ግን መሬት በእርሷ በኩል ስለሚመጣ ስሟ ተጠብቋል። የገዢዎቹ ቤት ራሱ ምስክር ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎጃምን የገዙት ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ ከጎንደር ቤተ መንግሥት ጋር የሚቆጠሩት በእናታቸው በወይዘሮ ወለተ እስራኤል፣ በእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ነው። እናም አንድ ተማሪ አያቱን ሲጠይቅ፣ “አባባ፣ የአባትዎ አባት ማን ይባሉ ነበር?” ብሎ ከማቆም፣ “ይህን እርሻ የያዛችሁት በማን በኩል ነው?” ቢል ይሻለዋል። ያን ጊዜ የሴቶቹ ስም ይመጣል። የሰባት ቤት ቆጠራም አለ፤ ለጋብቻ ሲባል ዝምድናን ስለሚያጣራ አሮጊቶች ከሽማግሌዎች ይልቅ አስተካክለው ያውቁታል።

የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን አስቀረ። የአዋጁን ፍትሐዊነት ለሌላ ጽሑፍ እተወዋለሁ፤ ለትውልድ ጥናት ያስከተለው ግን ግልጽ ነው። ቅድመ አያቱን መቁጠር መሬት ማስገኘቱን ሲያቆም፣ ልጆች የሚያጠኑት ነገር መሆኑም አበቃ። አዋጁ ሲወጣ ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ሰባን አልፏል። በርስት ክርክር ላይ ቆሞ ሲቆጥር የኖረው ትውልድ ከነድምፁ እየሄደ ነው፤ የሚቀዳው ሰው ቶሎ ካልደረሰ ሌላ መዝገብ ይህን አይተካውም።

ጎጃሜ ለርስቱ ምን ያህል ይሳሳ እንደነበር የ1960 ዓ.ም. ዐመፅ ያሳያል። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ደጋ ዳሞትና ሌሎችም አውራጃዎች ተነሡ፤ መሬት ከተገመተና ከተመዘገበ ርስት ይነጠቃል የሚለው ሥጋት ከምክንያቶቹ ዋነኛው ነበር። ለታሪክ ፈላጊ ይህ አንድ ክፉ ውጤት አለው። በሌሎች ጠቅላይ ግዛቶች ከመሬት ልኬት ጋር የመጣው የባለይዞታዎች ዝርዝር በጎጃም በስፋት የለም። ከግሪፍዝ ግምት ጋር የሚመሳሰል አንድ ወጥ መዝገብ ይኖር ይሆናል ብሎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሰው አያገኘውም። ሊያገኝ የሚችለው የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የግብር ደረሰኝና የአቤቱታ ማመልከቻ ነው፤ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለውም ውሳኔ ከዚህ ይቆጠራል። ከእነዚህ የርስት ክርክር መዝገብ ይበልጣል፤ ሁለቱ ወገኖች ሐረጋቸውን እስከ አቅኚው ድረስ በጽሑፍ ያሰፈሩበት ነውና።

በብራና ኅዳግ የተጻፈው

ከፍርድ ቤት ወረቀት በፊት ያለው የጽሑፍ ምንጭ በአብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤት ይገኛል። በወንጌልና በሌሎች ብራናዎች ኅዳግ፣ በባዶ ቅጠሎቻቸውም ላይ የጉልት (ከመሬት ግብር የመሰብሰብ መብት) ስጦታ፣ ሽያጭ፣ ውርስና ዕርቅ ከነምስክሮቹ ተጽፏል። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚና ባልደረቦቹ የቀራንዮ መድኃኔ ዓለምን የጎንደር ዘመን የመሬት ስጦታ ያጠኑት ከእንዲህ ያለ ጽሑፍ ተነሥተው ነው። መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስም በብራና የታወቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ተቀምጧል፤ ብዙዎቹን በዝርዝር የገለጹት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። ውጭ አገር የሚኖር ተመራማሪ ከዚያ ቢጀምር ጉዞ ይቀንስለታል።

ኅዳግ ማንበብ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዘመኑ ብዙ ጊዜ በቁጥር አልተጻፈም፤ በወንጌላዊ ተጠቁሟል። አንድ ውል “በዘመነ ማርቆስ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነግሦ ሳለ” ቢል ስንት ዓመት ሊሆን ይችላል? ራስ አዳል ተሰማ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የነገሡት በጥር 1873 ዓ.ም. ሲሆን ያረፉት በጥር 1893 ነው። በዚህ መካከል ዘመነ ማርቆስ የዋለው በ1874፣ በ1878፣ በ1882፣ በ1886ና በ1890 ነው። ከአምስቱ የትኛው እንደሆነ የሚነግሩን ምስክሮቹ ናቸው። በ1874 በእምባቦ ጦርነት፣ በ1880 በሳር ውኃ ጦርነት የሞተ ሰው ከዚያ በኋላ ባለ ውል ላይ ምስክር ሊሆን አይችልም። የሁለት ወይም የሦስት ምስክሮች ሞት ከታወቀ ዘመኑ ይጠባል። በዚህ መንገድ አንድ የምስክር ዝርዝር የአንድ አጥቢያ ሰዎችን ዕድሜ ይወስንልናል።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር የክርስትና ስም ነው። ጸሎት በክርስትና ስም ይጻፋል፣ ሙግት በዓለም ስም ይካሄዳል፤ አንዱ ሰው በሁለት መዝገብ ሁለት ሰው ይመስላል። ለታላላቆቹ ችግሩ ቀላል ነው፤ ምንትዋብ ወለተ ጊዮርጊስ እንደነበሩ፣ ብርሃን ሞገሳም እንደተባሉ ሁሉም ያውቃል። ለገበሬው ግን ሁለቱን ስም የሚያገናኘው የንስሐ አባት ወይም የቤቱ ትልቅ ሰው ብቻ ነው። በብራናው ጸሎት መካከል የባለቤቱ ስም የተጻፈበት ቦታ ተፍቆ ሌላ ስም ተተክቶ ሲገኝም መናደድ አይገባም። መጽሐፉ እጅ መለወጡን የሚናገር ምስክር ነው፤ የፊተኛው ስም ርዝራዥ በደህና ብርሃን ሲታይ ከነፊደሉ የሚወጣበት ጊዜ አለ።

የጎጃምን ትውልድ በአንድነት ለመጻፍ የደፈሩት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ናቸው። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ሠዓሊና ታሪክ ጸሐፊ ነበሩ። “የጎጃም ትውልድ በሙሉ ከአባይ እስከ አባይ” የተባለው ሥራቸው በግርማ ጌታሁን አዘጋጅነት ታትሟል። የአባታቸው ስም እንደሚያስረዳው እኚህ የትውልድ ቆጣሪ የተገኙት ከአባይ ማዶ፣ ከኦሮሞ ቤተሰብ ነው። የጎጃም ሐረግ ከአንድ ምንጭ ብቻ ወርዷል ብሎ የሚነሣ አጥኚ ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ክፉ ቀንም በየሐረጉ ላይ ቁስሉን ትቷል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የከብት ዕልቂትና ረሃብ አገሩን ሲያራቁት፣ በ1881 የዐፄ ዮሐንስ ጦር ጎጃምን ሲወርር፣ ቤተሰቦች ተበተኑ፤ ባዶ የቀረውን ርስት የሩቅ ዘመድ ያዘው። አየርላንዶች ከ1845 እስከ 1852 እ.ኤ.አ. በረሃባቸው ጊዜ የሆነውን ስናስብ ሁኔታው ይገባናል፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሞቶ ከዚያ የሚበልጥ ሲሰደድ በየመንደሩ የሚቆጥር ሰው ታጣ። በአምበር ዙሪያም ቢሆን ከ1880ዎቹ በፊት የሚቆጠር ሐረግ ድንገት ወደ ጎን ከዞረ፣ የዞረበትን ምክንያት እዚያ ዓመት ላይ መፈለግ ይገባል።

መቃብር

በአየርላንድ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የሚገኘው የድንጋይ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ድንጋዩን ያቆመውን ልጅ፣ ቀድማ የሞተችውን ሚስት፣ በሕፃንነት ያለፉትን ልጆች ይዘረዝራል። የጎጃም ደጀ ሰላም እንዲህ አይደለም። ዘመናት በጽድና በወይራ ጥላ ሥር የተቀበሩት አብዛኞቹ ምልክታቸው የድንጋይ ክምር ነበር፤ ቦታ ሲጠብ በላዩ ሌላ ይቀበራል። ስም የተጻፈበት የሲሚንቶ ሐውልት ለብዙኃኑ የመጣው በቅርብ ዘመን ነው። ስለዚህ መቃብር ከእኛ ዘንድ ወደ ሩቁ አያደርስም፤ ለሁለትና ለሦስት ትውልድ ግን የማይናቅ ምንጭ ነው። የክርስትና ስምና የዓለም ስም ጎን ለጎን ከተጻፉባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነውና፣ ከላይ ያነሣሁትን የሁለት ስም ችግር ይፈታል። አቀማመጡም ይናገራል፤ ካህናትና ባለጉልቶች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቀርበው ተቀብረዋል።

ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት አለቃውን ማስፈቀድ፣ ዘመዱ ካለ አብሮ መቆም የግድ ነው። ዘመዱ ከተገኘ ጽሑፉ የማይናገረውን ይናገራል። ከ1965 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያን ደንብ ከቃለ ዓዋዲ ወዲህ የተቋቋመው የሰበካ ጉባኤ መዝገብም የአባላትን ስም ስለሚይዝ ከሐውልቱ ጋር ሊመሳከር ይችላል።

ርስት ያልነበራቸው

እስከ አሁን የተናገርኩት ሁሉ ርስት ስለነበረው ሰው ነው። ርስት ያልነበረው ምን ያድርግ? ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ በባርነት የመጣው፣ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጎጃም በጉልት ጌታ ሥር የነበረውና የታሪክ አጥኚው ሀብታሙ መንግሥቴ በስፋት ያጠናው ዜጋ የሚባለው ገባር፣ በዳኛ ፊት ቆሞ ሐረግ የሚቆጥርበት ምክንያት አልነበረውም። ልጆቹም ቢያውቁ እንዲደብቁ ተገደዱ። ለርስት ክርክር የተቆጠረውን ሐረግ ብቻ ብንሰበስብ ብዙውን ሰው ከታሪክ እናስወጣለን፤ ይህን ጉድለት በጥናቱ ፊት ላይ በግልጽ መጻፍ የእኛ ግዴታ ነው።

ለእነዚህ ሰዎች መፈለጊያው የጌቶቻቸው ሰነድ ነው። የአየርላንድ ጭሰኛ ልጅ አያቱን በባለመሬቱ ቤት የኪራይ መዝገብ እንደሚፈልግ ሁሉ፣ የዜጋ ልጅም የጉልት ስጦታውን ኅዳግ ማየት አለበት። መሬቱ ለደብር ሲሰጥ አብረው የተሰጡት ሰዎች ስማቸው ተጽፎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ያ ስም በጌታ እጅና ለጌታ ጥቅም የተጻፈ ነው፤ የአባት ስም ላይኖረው ይችላል፤ የሠፈረበት አጥቢያ ግን አለው። አጥቢያው ከታወቀ በዚያው የሚኖሩትን ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች፣ ልጆቻቸውንም መጠየቅ ይቻላል፤ ጥያቄውም ስለ ርስት ሳይሆን ሙያውን ከማን እንደተማሩ፣ የመጀመሪያውን ሸማኔ ወይም የመጀመሪያዋን ሸክላ ሠሪ ወደዚያ አጥቢያ ማን እንዳመጣቸው ቢሆን መልስ ይገኝበታል።