ሣጥኑን ማን ከፈተው? ማንስ እየዘጋው ነው?

ቪዲዮ የሚያቀናብር ወይም ከባድ ጌም የሚጫወት ሰው ኮምፒውተር ሊያስገጣጥም ሲነሣ መጀመሪያ ዝርዝር ይጽፋል። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ይሁን የኤኤምዲ? ግራፊክስ ካርዱስ የትኛው? ራም 32 ጊጋባይት ይበቃል ወይስ 64? ከዚያ ማዘርቦርዱ፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ማቀዝቀዣው፣ ኬዙ ይከተላል። ልዩ ልዩ ኩባንያዎች የሠሯቸው ዕቃዎች አንድ ሣጥን ውስጥ ገብተው አብረው ይሠራሉ። ይህን እንደ ቀላል ነገር ለምደነዋል። መኪና ስንገዛ ግን ሞተሩን ከአንዱ፣ ፍሬኑን ከሌላው ፋብሪካ መርጠን አናስገጥምም። ስልክም እንደዚያው ነው። ታዲያ ኮምፒውተር ለምን ተለየ?

መልሱ ያለው ታሪክ ውስጥ ነው። ይህ ነጻነት ማንም አስቦ የሰጠን አይደለም። በአንድ ግዙፍ ኩባንያ ችኮላ ተጀመረ፣ በገዢዎችና በተፎካካሪዎች ግትርነት ቆየ፤ ዛሬ ደግሞ ቀስ በቀስ እየጠበበ ነው። (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአይቢኤም ችኮላ

አይቢኤም ለአሥርተ ዓመታት የኮምፒውተር ዓለም ጌታ ነበር። ዕቃውን ራሱ ይሠራል፣ ራሱ ይሸጣል፣ ራሱ ይጠግናል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ግን እንደ አፕል ያሉ ትንንሽ ኩባንያዎች ለግለሰብ የሚሆን ኮምፒውተር መሸጥ ጀመሩ። አይቢኤም በተለመደው አካሄዱ ቢሄድ ገበያው ያመልጠዋል። ስለዚህ ፍሎሪዳ ቦካ ራቶን ለሚገኝ አነስተኛ ቡድን አንድ ዓመት ገደማ ጊዜ ተሰጠው።

በዓመት ውስጥ ሁሉንም ከባዶ መሥራት አይቻልም። ቡድኑ ገበያ ላይ ያለውን ገዛ፦ ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከማይክሮሶፍት። ሌሎች ኩባንያዎች ተጨማሪ ካርድ እንዲሠሩለት ደግሞ አምስት መሰኪያ አዘጋጀ፤ የውስጥ ንድፉንም በመጽሐፍ አሳትሞ ሸጠ። ማሽኑ ነሐሴ 12 ቀን 1981 ከ1,565 ዶላር በሚጀምር ዋጋ ይፋ ሆነ።

አይቢኤም በእጁ ያስቀረው ዋና ነገር ባዮስ የሚባለውን፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራውን ትንሽ ፕሮግራም ነበር። ኮዱ በቅጂ መብት የተጠበቀ ነው፤ የገለበጠ ይከሰሳል። በ1982 ሂውስተን ላይ የተቋቋመው ኮምፓክ ግን መላ አገኘ። አንዱ ቡድን የአይቢኤምን ኮድ አጥንቶ ምን ምን እንደሚሠራ ብቻ ይጽፋል፤ ኮዱን ዓይቶ የማያውቅ ሌላ ቡድን ደግሞ ያንን ይዞ አዲስ ፕሮግራም ይጽፋል። ሥራው ያው፣ ጽሑፉ ግን ሌላ ሆነ። በ1984 ፊኒክስ የተባለ ኩባንያ ተመሳሳይ ባዮስ ሠርቶ ለፈለገ ሁሉ መሸጥ ሲጀምር በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

አይቢኤም በሩን መልሶ ለመዝጋት ሞክሯል። በ1987 አዲስ ዓይነት መሰኪያ ያለው ፒኤስ/2 የተባለ ማሽን አወጣ፤ መሰኪያውን ለመጠቀም የፈለገ ግን የፈቃድ ክፍያ ይጠበቅበት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኮምፓክን ጨምሮ ዘጠኝ ተፎካካሪዎች ተባብረው የራሳቸውን መሰኪያ አወጁ። የአይቢኤም መሰኪያም የሁሉ መለኪያ ሳይሆን ቀረ። በታኅሣሥ 2004 ኩባንያው የግል ኮምፒውተር ሥራውን ለቻይናው ሌኖቮ ለመሸጥ ተስማማ።

ሁለተኛው ሻጭ

«ኢንቴል ወይስ ኤኤምዲ?» የሚለው ጥያቄም የመጣው ከዚያው ዘመን ነው። አይቢኤም ለፕሮሰሰር በአንድ ሻጭ ላይ ብቻ መንጠልጠል አልፈለገም። ኢንቴልም በ1982 ንድፉን ለኤኤምዲ የሚያካፍል ውል ፈረመ። በ1985 ግን 386 የተባለውን ፕሮሰሰር ሲያወጣ «ከእንግዲህ አላካፍልም» አለ። ክርክሩ በግልግል ዳኝነትና በፍርድ ቤት እስከ 1995 ዘለቀ። ኤኤምዲ ግን በዚያው መሀል በ1991 የራሱን 386 ለገበያ አቀረበ።

ይህ የጠበቆች ወሬ ብቻ አይደለም፤ ኪሳችንን ይነካል። ከ2017 በፊት ባሉት ዓመታት ኢንቴል ለተራው ገበያ የሚያቀርበው ፕሮሰሰር ከአራት ኮር አያልፍም ነበር። ስምንት ኮር የፈለገ ቪዲዮ አቀናባሪ ከ1,000 ዶላር በላይ ማውጣት ነበረበት። በ2017 ኤኤምዲ ባለ ስምንት ኮሩን ራይዘን 7 1800ኤክስ በ499 ዶላር አወጣ። ኢንቴልም ዓመቱ ሳያልቅ ለተራው ገበያ ባለ ስድስት ኮር አቀረበ። ከ35 ዓመት በፊት አንድ ገዢ «ሁለተኛ ሻጭ ካላገኘሁ» ባይል ኖሮ ይህ ፉክክር ባልኖረ ነበር።

ተጫዋቹ ያሳደገው ኩባንያ

በግራፊክስ ካርድም ታሪኩ ይመሳሰላል። በ1996 ገበያውን የያዘው ስሪዲኤፍኤክስ ነበር። ቺፑን ለብዙ ካርድ ሠሪዎች ይሸጥ ነበር። በ1998 መጨረሻ ግን ካርዱን ራሴ ሠርቼ ራሴ እሸጣለሁ ብሎ አንድ ካርድ ሠሪ ኩባንያ ለመግዛት ተስማማ። የተተዉት ካርድ ሠሪዎች ወደ ተፎካካሪዎቹ ዞሩ፤ ከሁሉ የተጠቀመውም በ1993 የተመሠረተው ኤንቪዲያ ነው። በታኅሣሥ 2000 ኤንቪዲያ የወደቀውን ባላንጣውን ንብረት ለመግዛት ተስማማ።

ኤንቪዲያን ያሳደገው የጌም ተጫዋቹ ገንዘብ ነው። በ2006 ኩባንያው ካርዱ ከጌም ውጭ ላለ ስሌትም እንዲያገለግል ኩዳ የተባለውን ሶፍትዌር አስተዋወቀ። በ2012 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሌክስ ክሪዠቭስኪ፣ ኢልያ ሱትስኬቨርና ጄፍሪ ሂንተን ምስል የሚለይ ፕሮግራማቸውን በሁለት ጂቲኤክስ 580 ካርዶች አሠለጠኑ። ማንኛውም ተጫዋች ከሱቅ የሚገዛው ካርድ ነው። ዛሬ ዓለምን ያስጨነቀው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሩጫ ከዚያ ሥራ በኋላ ነው ፍጥነት የያዘው።

ቀጥሎ የሆነውን የኩባንያው የራሱ ሒሳብ ይናገራል። በጥር 2022 በተዘጋው የበጀት ዓመት ከጌም 12.5 ቢሊዮን፣ ከዳታ ሴንተር 10.6 ቢሊዮን ዶላር ገቢ አገኘ። በጥር 2025 በተዘጋው ዓመት ከጌም የተገኘው 11.4 ቢሊዮን ሲሆን፣ ከዳታ ሴንተር የተገኘው 115.2 ቢሊዮን ደረሰ። ተጫዋቹ «ባጎረስኩ ተነከስኩ» ቢል አይፈረድበትም። በ2017 የኩባንያው ምርጥ የጌም ካርድ ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ 699 ዶላር ነበር፤ በጥር 2025 የወጣው አርቲኤክስ 5090 መነሻ ዋጋው 1,999 ዶላር ነው።

ካርዱ የመንግሥታት ጉዳይም ሆኗል። በጥቅምት 2023 አሜሪካ ወደ ቻይና በሚሄዱ ቺፖች ላይ ቁጥጥሯን ስታጠብቅ አርቲኤክስ 4090 የተባለው የጌም ካርድ ሳይቀር ገደቡ ውስጥ ገባ። ኤንቪዲያም ለቻይና አቅሙ የተቀነሰ ሌላ ካርድ አዘጋጀ።

አሁን ተራው የራም ነው። በዓለም ላይ አብዛኛውን ራም የሚሠሩት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው። ዳታ ሴንተሮች ልዩ ሜሞሪ በገፍ ሲፈልጉ ፋብሪካዎቹ ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ፤ በ2025 መጨረሻ የተራው ራም ዋጋ አሻቀበ። በታኅሣሥ 2025 ማይክሮን ክሩሻል በሚል ስም ለግለሰብ ገዢ ሲሸጥ የቆየውን ምርት እንደሚያቆም አስታወቀ። ትልቁ ደንበኛ ሲመጣ ትንሹ ከሰልፉ ወጣ ማለት ነው።

ታዲያ ምን እንምረጥ?

የተዘጋ ማሽን ጥቅም የለውም ማለት ሐሰት ነው። አፕል ከ2020 ጀምሮ ራሙን ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ላይ ያደረገባቸው ኮምፒውተሮች ፈጣኖች ናቸው፤ መብራትም ይቆጥባሉ፤ ብዙ ቪዲዮ አቀናባሪዎች ወደዋቸዋል። ነገር ግን በገዛችሁበት ቀን የመረጣችሁት ራም እስከ መጨረሻው ያው ነው። ያነሳችሁ ቀን መፍትሔው ሌላ ማሽን መግዛት ብቻ ነው።

ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ምን እንደሆነ እናውቃለን። አንድ ክፍል ብቻ ቀይሮ ማሽኑን ሦስትና አራት ዓመት ማስቀጠል መቻል ሥራ የሚያቆምና የማያቆም ልዩነት ነው።

ስለዚህ ዝርዝሩን ስትጽፉ ከፍጥነቱ አስቀድማችሁ «ነገ የትኛውን መቀየር እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የግራፊክስ ካርድ ሜሞሪ በኋላ አይጨመርም፤ ቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ እሱን አሁኑኑ በርከት አድርጉ። ራም ግን ይጨመራል፤ ዋጋው በተሰቀለበት ጊዜ በሁለት ጀምራችሁ ባዶ መሰኪያ ማስቀረት ትችላላችሁ። ፓወር ሰፕላይ ላይ አትቆጥቡ፤ ከማሽን ወደ ማሽን ይሸጋገራል። ማዘርቦርዱ ስንት ትውልድ ፕሮሰሰር እንደሚቀበል አጣሩ፤ በ2017 የኤኤምዲ ኤኤም4 ማዘርቦርድ የገዛ ብዙ ሰው ባዮሱን አድሶ በ2022 የወጣ ፕሮሰሰር ሊሰካበት ችሏል።

ከሁሉ በላይ ግን ታሪኩ የሚነግረን አንድ ነገር አለ። ሻጭ በራሱ ፈቃድ ምርጫ ሰጥቶ አያውቅም፤ አይቢኤም ቸኩሎ ሰጠ፣ ኢንቴል ተገድዶ ሰጠ። ምርጫው የቆየው የሚፈልገው ገዢ ስለነበረ ነው። የሚከፈት ሣጥን የሚገዛ ሰው ከጠፋ፣ የሚከፈት ሣጥን የሚሠራም አይኖርም።