የተልእኮ መንሸራተት

«ሚሽን ክሪፕ» የሚባለው፣ አንድ ጦር ለተወሰነ ሥራ ወደ ሌላ አገር ከገባ በኋላ፣ «እንዋጋ» የሚል ቁርጥ ያለ ውሳኔ ሳይተላለፍ ሥራው ደረጃ በደረጃ ወደ ጦርነት ሲወስደው ነው። ቃሉ በአሜሪካ ጋዜጦች መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ መነሻው ሶማሊያ ነበረች። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉን «የተልእኮ መስፋፋት» ብሎ መተርጎም ይቀናል። መስፋፋት ግን ታስቦና ታቅዶም ይሆናል፤ ነጋዴ ሱቁን፣ ገበሬ ማሳውን ያስፋፋል። የእንግሊዝኛው ቃል የያዘው መዳህን፣ ልብ ሳይባሉ መሳብን ነው። ስለዚህ «የተልእኮ መንሸራተት» ይሻላል። የሚንሸራተት ሰው እያንዳንዱን ስንዝር አልመረጠም፤ ምን ያህል እንደራቀ የሚያውቀው ዘወር ብሎ ሲያይ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ መቆም ያቅተዋል።

የሶማሊያ ገዢ የነበሩት ዚያድ ባሬ በጃንዋሪ 1991 ከዋና ከተማዋ ከሞቃዲሾ ሲባረሩ፣ ያባረሯቸው ወገኖች ማን እንደሚገዛ አልተስማሙም። የአንድ ድርጅት ሰዎች የነበሩት አሊ ማህዲ መሐመድና ጄኔራል መሐመድ ፋራህ አይዲድ ከተማዋን ለሁለት ከፍለው ተታኮሱባት። ጦርነትና ድርቅ ተደርበው ያመጡት ረሃብ ወደ 300 ሺህ ሰው እንደፈጀ ይገመታል። እህል ወደብ ቢደርስም ታጣቂ ይዘርፈው ነበር። በዲሴምበር 1992 በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በጆርጅ ቡሽ (አባትየው) ትእዛዝ የዘመተው ጦር የተሰጠው ሥራ ጠባብ ነበር፦ ወደቡን፣ አውሮፕላን ማረፊያውንና መንገዱን ጠብቆ እህሉን ለተራበው ማድረስ። ይህም በአብዛኛው ተሳክቶ የብዙ ሰው ነፍስ ተርፏል።

ይሁን እንጂ እህል የሚጠበቀው ከታጣቂ ነው፤ ታጣቂው ደግሞ የአንዱ ወገን ሰው ነው። ኬላ ያነሳ ጦር በኬላው የሚተዳደረውን አስከፍቷል፤ የጦር መሣሪያ የቆለፈም የባለመሣሪያውን ጉልበት ቀንሷል። በተከፋፈለ አገር ውስጥ ገለልተኛ መሆን የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ደካማው ወገን እንግዳውን ጋሻ ሊያደርገው ይሻል፤ ጠንካራው ይጠረጥረዋል። አሊ ማህዲ የውጭውን ጦር በደስታ ሲቀበሉ፣ አይዲድ የተባበሩት መንግሥታትን አላመኑም። ዋና ጸሐፊው ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ የግብፅ ባለሥልጣን ሳሉ የዚያድ ባሬ ወዳጅ ነበሩ ብለው ቂም ይዘውባቸው ነበር።

በማርች 1993 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ተልእኮውን ትጥቅ ወደ ማስፈታትና አገር ወደ ማቋቋም አሻገረው። በዚያው ወር የሶማሊያ ቡድኖች አዲስ አበባ ላይ ትጥቅ ለመፍታት ስለተፈራረሙ መንገዱ የተጠረገ መስሎ ነበር። በጁን 5 ግን የአይዲድ የመሣሪያ መጋዘኖች በተፈተሹበት ቀን 24 የፓኪስታን ወታደሮች ተገደሉ። ምክር ቤቱ በማግስቱ ጥፋተኞቹ እንዲያዙ ወሰነ፤ ብዙም ሳይቆይ አይዲድን ለሚያስይዝ 25 ሺህ ዶላር ተመደበ። ወሳኙ መንሸራተት ይህ ነው፤ እህል ሊያጅብ የተጀመረው ዘመቻ ሰው አዳኝ ሆነ። በጁላይ 12 የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች የጎሣ ሽማግሌዎች የተሰበሰቡበትን ቤት ደበደቡ። የሟቾቹ ቁጥር እስካሁን ያከራክራል፤ ከአይዲድ ጋር የማይስማሙ ሰዎች ሳይቀሩ ወደ እርሳቸው እንዲያዘነብሉ ማድረጉ ግን ግልጽ ነው። በኦክቶበር 3 እና 4 በሞቃዲሾ በተደረገው ውጊያ ሁለት የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች ተመትተው 18 አሜሪካውያንና በመቶዎች የሚቆጠሩ ሶማሌዎች ሞቱ። የቡሽ ተተኪ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ወዲያው የአሜሪካ ጦር እስከ ማርች 1994 እንደሚወጣ አስታወቁ። በዲሴምበር 1993፣ ያን ያህል የታደኑት አይዲድ ለሰላም ንግግር አዲስ አበባ የገቡት በአሜሪካ ጦር አውሮፕላን ተሳፍረው ነበር።

ነገሩ ከቃሉ ይቀድማል። በማርች 1965 በቬትናም ዳ ናንግ የወረዱት 3,500 የአሜሪካ ባሕር ወለድ ወታደሮች የታዘዙት የአየር ኃይል ሰፈሩን እንዲጠብቁ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ወር ከሰፈሩ ወጥተው እንዲያጠቁ ተፈቀደላቸው፤ በ1969 በአገሪቱ የነበረው የአሜሪካ ጦር ከ540 ሺህ በልጦ ነበር።

ቃሉ ለማንኛውም ጣልቃ ገብነት አይውልም። አገር ለመያዝ አስቦ የገባ ጦር ወራሪ ነው። ራሱ ሳይገባ አንዱን ወገን አስታጥቆ የሚያዋጋ ኃይል የሚያካሂደውም የውክልና ጦርነት ይባላል። ሰፊ ዓላማውን ከመነሻው ደብቆ እርዳታን ሽፋን ያደረገ መንግሥትም አልተንሸራተተም፤ አታሏል። «ተንሸራተተ» የሚባለው የመጀመሪያው ዓላማ የእውነት ሆኖ፣ በኋላ በመንገድ ላይ ሲጠፋ ነው።