ስለ ዝዋይ ደሴቶችና ስለ ዘይ ሕዝብ

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የዝዋይ ሐይቅ፥ የመቂና የከታር ወንዞች የሚገቡበት ሰፊ ውሃ ነው። በውስጡ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ታላቂቱን አገሬው ቱሉ ጉዶ፥ ካህናቱ ደብረ ጽዮን ይሏታል። በእነዚህ ደሴቶች የኖረው ሕዝብ ዘይ ይባላል።

ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ በመጣው ትውፊት፥ ዮዲት በተነሣች ጊዜ የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ሸሹ፤ ታቦቱም ሰባ ዓመት ያህል በደሴቲቱ ተቀምጦ፥ ሰላም በሆነ ጊዜ ወደ አክሱም ተመለሰ ይባላል። ይህን ትውፊት አቃልሎ ማለፍ አይገባም። ነገር ግን የሕዝቡ ቋንቋ ሌላ ነገር ይጨምርበታል። ዘይኛ ከሴም ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፥ የቅርብ ዘመዶቹ ስልጥኛና አደሬኛ ናቸው እንጂ ትግርኛ አይደለም። እንግዲህ ከአክሱም ካህናት መጥተው እንደ ሆነ፥ የሚበዛው ሕዝብ ከዚያው ከአቅራቢያው አገር የገባ ሳይሆን አይቀርም። ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ፥ አባቶቻቸው በየዘመኑ ከልዩ ልዩ አገር እንደ ገቡ፥ በ16ኛው መቶ ዓመትም ከግራኝ ጦርነት የሸሹ እንደ ተጨመሩ ይናገራሉ። እነዚህን ስደተኞች አንድ ቋንቋ አናግሮ አንድ ሕዝብ ያደረጋቸው ውሃው ነው።

የደሴቶቹ መሬት ጠባብና ዐለታማ ስለ ሆነ፥ ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን ደግፈው ያርሱ ነበር፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፥ ሸማም ይሠራሉ። ታንኳቸው ከሐይቁ ዳር ከሚበቅል ቀላል እንጨት የታሰረ ነው። በዳር ከሚኖሩት ከአርሲዎች ጋር አንዳንድ ጊዜ ይጣሉ፥ አንዳንድ ጊዜ ይገበያዩ ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል የብራና መጻሕፍቱን ከእሳትና ከዝርፊያ ጠብቀው አቆዩ።

በ1870ዎቹ ዓመታት ዳግማዊ ምኒልክ አርሲን ከያዙ በኋላ ግን የዳሩ መንገድ ተከፈተ። መሬት የጠበበው ሁሉ እየተሻገረ በመቂ፥ ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ ከተማና በሐይቁ ዙሪያ ባሉት መንደሮች ተቀመጠ፤ በደሴቶቹ የቀረው ሰው ጥቂት ነው።

ብራና ጠባቂዎቹ የጠበቁት የግእዝ መጽሐፍ ነው፤ የእናታቸውን ቋንቋ በቀለም አልጻፉትም። በዚህ እነርሱን ብቻ መንቀፍ አይቻልም፤ የአገራችን የቅኔ ቤት ሁሉ ልማድ እንዲሁ ነበር። የዘይኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በመጽሐፍ ያሳተመው የውጭ አገሩ ሊቅ ቮልፍ ሌስላው ሲሆን፥ ይህም በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። በዳር ያደገው ልጅ በገበያ ኦሮምኛና አማርኛ ይናገራል፤ ዘይኛውን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ከአያቱ ነው።