ስለ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምና ስለ አሰበ ተፈሪ ከተማ

ከተማችን ስለ ቤተ ክርስቲያንዋ ኢዮቤልዩ ደስታ በምታደርግበት በዚህ ጊዜ፥ ያቀኑዋትን ሰው ሳያነሡ ማለፍ ውለታን መርሳት ይሆናል።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር መጥተው በልዑል ራስ መኰንን ጥላ ሥር ቆዩ፤ ከዓድዋ ድል በኋላም ወደ ሩሲያ ተሻግረው የመድፈኛነትን ትምህርት ተማሩ። ወደ ሀገራቸው በተመለሱም ጊዜ የመንግሥቱን ሥራ አካሄድ አይተው አላስደሰታቸውም። ስለዚህ ላ ፎንቴን የተባለውን የፈረንሳይ ባለቅኔ ተረት መሠረት አድርገው «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ተውኔት ደረሱ፤ ይኸውም በሀገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ተብሎ ይቈጠራል። ሰሙ አውሬ ወርቁ ሹም ስለ ሆነ፥ ተመልካቾቹ መኳንንት ወርቁን ፈጥነው አገኙትና ተቈጡ።

በ1910ዎቹ ዓመታት የጨርጨር ገዥ ሆነው ሲሾሙ፥ ግዛቱ ለሌሎቹ ምሳሌ እንዲሆን የአስተዳደር ደንብ አወጡ፤ ይህችንም ከተማ አቀኑ። በአልጋ ወራሹ በራስ ተፈሪ ስም አሰበ ተፈሪ ተባለች። አማርኛው «ተፈሪ አሰበ» ነው፤ የግዕዝ ተማሪ ግን «ዐስበ ተፈሪ» ብሎ ቢያነበው የተፈሪ ዋጋ፥ የተፈሪ ደመወዝ ይሆንለታል። ለቅኔ የተመቸ ስም ነው። የሀገሩ ሰው ግን በጥንት ስምዋ ጭሮ ይላታል፤ ዛሬም የጸናው ይኸው ነው። ከእርሳቸው በኋላ የተሾሙት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም የጨርጨርን ሥራ ቀጠሉ።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመውን 55 አንቀጽ ያለውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ናቸው፤ ምሳሌውንም ከጃፓን ወሰዱ። እውነቱን ለመናገር፥ ሁለት ምክር ቤቶች ቢቆሙም አባሎቻቸውን ሕዝብ አልመረጣቸውም፤ ሥልጣኑ ሁሉ በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ቀረ። ቢሆንም ያለ ጽሑፍ ይገዛ ለነበረ መንግሥት ሕግን በወረቀት ማስፈር ቀላል ነገር አልነበረም።

ኢጣልያ በተነሣችብን ጊዜ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የኢትዮጵያን ነገር የተከራከሩ እርሳቸው ነበሩ። ማኅበሩም በመስከረም 1928 ዓ.ም. ኢጣልያን አጥቂ ናት ብሎ ፈረደ፤ ነገር ግን የጦር መኪናዋን የሚያንቀሳቅሰውን ነዳጅ አልከለከላትም። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አውሮፓ ሊሄዱ ሲሉ ፊታውራሪ በሀገር ውስጥ ሆኖ መዋጋት ይሻላል ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። ምክራቸው ስላልተሰማ ከንጉሡ ተለይተው ወደ ማዳጋስካር ተሰደዱ፤ ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከወጣም በኋላ እንኳ ብዙ ዓመት በዚያው ቆዩ።

ተመልሰው ሲመጡ የመረጡት ሹመትን ሳይሆን እርሻን ነው፤ በሂርና ተቀመጡ። የሕይወታቸውንም ታሪክ በእጃቸው ጻፉ። በ1969 ዓ.ም. በዚያው በሂርና ዐረፉ፤ መጽሐፉም ከብዙ ዓመታት በኋላ ታተመ።