ፔኒሲሊን የትኛውን በሽታ ይፈውሳል?

ፔኒሲሊን እ.ኤ.አ. በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ለንደን ውስጥ ከሻጋታ ያገኘው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ነው። የሚሠራው ባክቴሪያው የሕዋስ ግድግዳውን እንዳይገነባ በማገድ ነው፤ ግድግዳው የሳሳ ባክቴሪያ ውኃ ገብቶበት ይፈነዳል። የሰውና የእንስሳት ሕዋስ ይህ ግድግዳ ስለሌለው በዚህ መንገድ አይጎዳም።

ከአዋሽ እስከ ዲቾቶ ከብትና ፍየል የሚያረቡ ሁሉ ይህን ልዩነት ማወቅ ይጠቅማቸዋል። አባ ሰንጋ በባክቴሪያ ስለሚመጣ ቶሎ ከተደረሰበት በፔኒሲሊን ይታከማል። ተላላፊውን የፍየል ሳንባ በሽታ የሚያመጣው ማይኮፕላዝማ ግን ግድግዳ የለውም፤ በግና ፍየል የሚፈጀው ደስታ መሰል በሽታም መንስኤው ቫይረስ ነው። ሁለቱንም ፔኒሲሊን አይፈውሳቸውም። ስለዚህ መድኃኒት ከመግዛት በፊት እንስሳውን ለእንስሳት ሕክምና ባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋል፤ የተወጋች እንስሳ ወተትም ባለሙያው የወሰነው ቀን ሳያልፍ መጠጣት የለበትም።